«መቶ በመቶ በእጅ የተሳለ» ሲባል ምን እየገዛን ነው?

ከኦንላይን የሥዕል ሱቆች አንዱን ከፍታችሁ «ኦዲሴዩስ እና ሳይረኖች» ብላችሁ ፈልጉ። እንግሊዛዊው ጆን ዊሊያም ዋተርሃውስ በ1891 የሳለው ሥዕል ይመጣላችኋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጀግናው ከመርከቡ ምሰሶ ጋር ተጠፍሮ ታስሯል። የሴት ፊትና የአሞራ አካል ያላቸው ፍጥረታት ከበውታል። መጠኑን እናንተ ትመርጣላችሁ። ፍሬም ያለውም የሌለውም አለ። ዋጋው ከመቶ ዶላር አካባቢ ይጀምርና እስከ ሺዎች ይወጣል። ሥሩ ላይ ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ማባበያ አለ፦ «መቶ በመቶ በእጅ የተሳለ፣ የሙዚየም ጥራት ያለው»።

ዋናው ሥዕል ያለው ሜልቦርን፣ የቪክቶሪያ ብሔራዊ ጋለሪ ውስጥ ነው። ጋለሪው የገዛው በተሳለበት ዓመት ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ገደማ ይሆናል። ቅጂውን የሚያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ዋናውን በአካል አይተውት አያውቁም። ቅጂውን የሚስለው ሰውም ብዙ ጊዜ አላየውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይቺ ሁለተኛዋ ነች። «በእጅ የተሳለ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። እጅ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። እጁ ምን እያየ ነው የሳለው? የሚስለውንስ ታሪክ ያውቀዋል? በተለይ ሥዕሉ ከጀግኖች ረጅም ግጥም፣ ከጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ከሆሜር ወይም ከጣሊያናዊው ከዳንቴ የተቀዳ ሲሆን ይሄ ጥያቄ ይከብዳል። ምክንያቱም እዚያ ሥዕል ላይ ያለው እያንዳንዱ ገመድ፣ እያንዳንዱ ጨርቅ በግጥሙ ውስጥ ሥራ አለው።

ፎርጅድ ነው እንዴ?

አይደለም። ዋተርሃውስ የሞተው በ1917 ነው። በአብዛኛው ዓለም የሰዓሊ የቅጂ መብት ከሞተ 50 ወይም 70 ዓመት በኋላ ያበቃል። ስለዚህ ሥዕሉን ማንም ቢገለብጠው፣ ቢሸጠው፣ ፎጣ ላይ ቢያትመው ከሳሽ የለውም። ፎርጅድ የሚሆነው ውሸት ሲገባበት ነው። የዋተርሃውስን ፊርማ አስመስሎ ፈርሞ፣ ሸራውን አስረጅቶ «ከአያቴ ቤት የተገኘ» ብሎ ሲሸጥ ነው። ቅጂ መሆኑን ተናግሮ የሚሸጥ ሰው ማንንም አላታለለም።

እንዲያውም የአውሮፓ ሥዕል ያደገው በመገልበጥ ነው። ሩቤንስን እንውሰድ። በ1628 እና በ1629 ማድሪድ በቆየበት ጊዜ የጣሊያናዊውን ሰዓሊ የቲሺያንን ሥዕሎች ቁጭ ብሎ ገለበጠ። ያኔ ተማሪ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ነገሥታት የሚሻሙበት ሰዓሊ ነበር። ከገለበጣቸው አንዱ የኢሮፓ ጠለፋ ነው። ታሪኩ ከሮማዊው ባለቅኔ ከኦቪድ «ሜታሞርፎሲስ» የመጣ ነው። የአማልክቱ ንጉሥ ኮርማ መስሎ ልዕልቷን በባሕር ላይ ይዟት ይሄዳል። የቲሺያን ዋና ሥዕል ዛሬ ቦስተን ነው። የሩቤንስ ቅጂ ደግሞ ማድሪድ፣ ፕራዶ ሙዚየም ተሰቅሏል።

ሩቤንስ ሲሞት ያን ቅጂ ከንብረቱ መሀል መርጦ የገዛው የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ 4ኛ ነው። የቲሺያን ዋና ሥዕል ያኔ በዚሁ ንጉሥ እጅ ነበር። ዋናው እያለው ቅጂውን ገዛ ማለት ነው! ንጉሡ ሁለተኛ ኢሮፓ የፈለገ አይመስለኝም። ሩቤንስ ቲሺያንን እንዴት እንዳየው ነው የገዛው።

የፓሪሱ ሉቭርም በ1793 ለሕዝብ ከተከፈተ ጀምሮ ገልባጮችን ሲያስተናግድ ኖሯል። ዛሬም ፈቃድ አውጥቶ፣ ሸራውን ወጥሮ እዚያው ሥዕሉ ፊት መሳል ይቻላል። ሕጉ ጥብቅ ነው። የቅጂው መጠን ከዋናው ጋር እኩል መሆን አይችልም። የሰዓሊውን ፊርማ መድገም ክልክል ነው። ሲያልቅ ጀርባው ላይ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቅጂውን ይዞት ይሄዳል። ሰቀለው፣ ሸጠው፣ የራሱ ጉዳይ ነው።

አራት ቀለም በአንዲት ጠብታ

ፈረንሳዊው ሰዓሊ ኤድዋር ማኔ ወጣት ሳለ የአገሩን ሰዓሊ የዴላክሯን «የዳንቴ ጀልባ» ሁለት ጊዜ ገልብጦታል። ዴላክሯ ያኔ በሕይወት ስለነበር ማኔ ቤቱ ድረስ ሄዶ ፈቃድ እንደጠየቀው ይነገራል። አንዱ ቅጂ ዛሬ ሊዮን ነው፣ ሌላው ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም። ሁለቱ አይመሳሰሉም። የሊዮኑ ዋናውን በታማኝነት ይከተላል። የኒው ዮርኩ ልቅ ነው፤ ብሩሹ በራሱ መንገድ ይሮጣል። በሁለቱ መሀል ማኔ ማኔን መሆን ጀምሯል።

ዋናው ሥዕል ምን ይመስላል? ዴላክሯ በ1822 «ሳሎን» ለሚባለው ለፓሪሱ ትልቅ የሥዕል ኤግዚቢሽን ሲያቀርበው 24 ዓመቱ ነበር። ታሪኩ ከዳንቴ የሲኦል ጉዞ፣ ከስምንተኛው ክፍል ነው። ዳንቴና መሪው ቨርጂል በጀልባ ጥቁር ውሃ ያቋርጣሉ። ቀዛፊው ፍሌግያስ ጀርባውን ሰጥቶናል። ከኋላ የምትነድ ከተማ አለች። የተኮነኑት ነፍሳት ከውሃው ወጥተው ጀልባዋን ይይዛሉ፣ ይንጠለጠላሉ። አንዱማ ጠርዟን በጥርሱ ነክሷል።

እነዚህ ራቁት አካላት ላይ የውሃ ጠብታዎች ይወርዳሉ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለነሱ ነው። ከሩቅ ሲታዩ እውነተኛ ውሃ ናቸው። ሲጠጉ ግን ውሃው ይጠፋና ጎን ለጎን የተቀመጡ የቀለም ጭረቶች ይሆናሉ፦ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። አልተቀላቀሉም። የሚቀላቅላቸው የተመልካቹ ዓይን ነው። ዴላክሯ ይሄን ዘዴ ያገኘው የሩቤንስን የባሕር ሴቶች አፍጥጦ ሲያጠና ነው። ይሄ ራሱ ከመገልበጥ የተገኘ ትምህርት ነው።

አሁን ይሄን ሥዕል ከስልክ ፎቶ ላይ እየሳለ ያለ ሰው አስቡ። ፎቶው ሥዕሉን አሳንሶታል። ጠብታዋ እንደ ነጥብ ሆናለች። አራቱ ቀለሞች ተዋህደው ነጭ መስለዋል። ገልባጩ ምን ያድርግ? ያየውን ይስላል። ነጭ ነጥብ ያደርጋል። ጎበዝ ሰዓሊ ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው። ዴላክሯ የፈለሰፈው ነገር ከሥዕሉ ላይ ወድቋል፣ ገዢውም መውደቁን አያውቅም።

የቀለሙም ጉዳይ አለ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሥዕል በአሥር ዓይነት ቀለም ይገኛል። አንዱ ፎቶ ቢጫ ይበዛበታል፣ ሌላው ሰማያዊ። የድሮ ሥዕል ላይ ያለ ቫርኒሽ በዕድሜ ስለሚበጫ፣ ከመጽዳቱ በፊት የተነሳና ከጸዳ በኋላ የተነሳ ፎቶ ሁለት ሥዕል ይመስላሉ። ሱቁ የትኛውን ለሰዓሊው እንደላከ እናንተ አትነገሩም።

ዳፈን

የእነዚህ ቅጂዎች ትልቁ መፍለቂያ ቻይና ነው። ሼንዘን ከተማ ውስጥ ዳፈን የሚባል መንደር አለ። ሁዋንግ ጂያንግ የሚባል የሆንግ ኮንግ ነጋዴና ሰዓሊ በ1989 ጥቂት ሰዓሊዎች ይዞ ገባበት። ኪራይ ርካሽ ነበር፣ ሆንግ ኮንግም ቅርብ ነች። ከዚያ በኋላ መንደሩ አበጠ። ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶች ብሩሽ አያያዝ እዚያው ተማሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዓሊዎች ጠባብ መተላለፊያ ላይ፣ ኪራይ ቤት ውስጥ፣ ደረጃ ሥር ቫን ጎግን፣ ሞኔን፣ ዋተርሃውስን እየሳሉ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሆቴሎችና ሳሎኖች ላኩ።

ስለ ዳፈን ሲወራ ሁሌም ፋብሪካ ነው የሚነሳው። አንዱ ሰማይ፣ አንዱ ዛፍ፣ አንዱ ፊት እየሳለ ሸራው በተራ ያልፋል ይባላል። ትልልቅ ኦርደር ሲመጣ እንዲህ ተሠርቶ ይሆናል። ብዙው ሥራ ግን አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሠራው ነው። ጊዜ የሚቆጥበው በሌላ መንገድ ነው። ተመሳሳይ ሥዕል ያለባቸውን ብዙ ሸራዎች ግድግዳ ላይ ይደረድራል። አንዱን ቀለም ያዘጋጅና ሁሉም ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቀለም ያልፋል። ንድፉን በፕሮጀክተር ወይም በአራት ማዕዘን መስመር ያወጣዋል። የሚከፈለው በቁጥር ስለሆነ ፍጥነት እንጀራው ነው።

ይሄን ሰውዬ መናቅ ቀላል ነው። እኔ አልንቀውም። ሺህ ጊዜ የተደገመ እጅ የሚያውቀው ነገር አለ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ፕራዶ ግድግዳ ላይ «ሩቤንስ፣ ከቲሺያን» ተብሎ ይጻፋል። ሜትሮፖሊታን «ማኔ፣ ከዴላክሯ» ይላል። የኦንላይን ሱቁ ግን የዋተርሃውስን ስም በትልቁ ጽፎ፣ ብሩሹን የያዘውን ሰው ይውጠዋል። «በእጅ የተሳለ» ይልሃል፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አይነግርህም። ስም የሌለው ሰው ሥራው ሲጠፋ አይወቀስም፣ ሲያምርም አይመሰገንም። ታዲያ ለምን ይጨነቃል?

ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የምዕራቡ ኦርደር ቀነሰ። ዳፈን ፊቱን ወደ ቻይናውያን ገዢዎች አዞረ። አዲስ አፓርታማ የገዛ ሁሉ ሳሎኑን ማስጌጥ ይፈልግ ነበር። የቤት ግንባታው ሲቀዘቅዝ ያም ገበያ አብሮ ቀዘቀዘ። መንግሥትም ሰዓሊዎቹ መገልበጡን ትተው የራሳቸውን ሥራ እንዲሠሩ ሲገፋ ቆይቷል። መንደሩ ውስጥ በ2007 ሙዚየም ሳይቀር ተከፍቷል። ቀላል ሽግግር አይደለም። ሃያ ዓመት የሰው ሥዕል የሳለን ሰው «አሁን የራስህን ሳል» ማለት ይከብዳል።

በላዩ ላይ ሕትመት መጣ። ዛሬ ሸራ ላይ የሚያትም ማሽን ጥሩ ፎቶ ካገኘ የዴላክሯን ጠብታ ከአማካይ ገልባጭ በተሻለ ያወጣዋል። ዋጋውም ይረክሳል። ስለዚህ መሀል መንገድ ተፈጠረ። ሥዕሉን ያትሙታል፣ ከዚያ በግልጽ ጄል የብሩሽ ጭረት የሚመስል ነገር ይቀቡበታል። እጅ ነክቶታል፣ ውሸት አይደለም። ግን ጄሉ የሚሄድበት አቅጣጫ ከሥዕሉ ጋር አይገናኝም። ፊቱ በአግድም ተስሎ ጄሉ በቁመት ይሮጣል። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት «በዋተርሃውስ ዘይቤ» የሚፈጥረው ምስል ገበያውን ተቀላቅሏል። እሱ እንኳ ቅጂም አይደለም፤ ምንጭ የለውም።

ታሪኩን የማያውቅ እጅ

ወደ ዋተርሃውስ ሥዕል እንግባ። በሆሜር ረጅም ግጥም፣ በኦዲሴይ አሥራ ሁለተኛ መጽሐፍ ኦዲሴዩስ የሳይረኖቹን ዘፈን መስማት ይፈልጋል። የሰማ ሁሉ እንደሚሞት ተነግሮታል። ሰም በእጁ አሽቶ የቀዛፊዎቹን ጆሮ ይደፍናል። ራሱን ከምሰሶው ጋር ያሳስራል። ዘፈኑ ሲጀምር ፍቱኝ ብሎ በቅንድቡ ይለምናል። ባልደረቦቹ ፔሪሜዲስና ዩሪሎከስ ተነስተው ገመዱን ያጠብቁበታል።

ሳይረኖቹ የሚያቀርቡት ማማለያ ምን እንደሆነ ብዙ ሰው አያስተውልም። ቁንጅና አይደለም። እውቀት ነው። «ትሮይ ላይ የሆነውን ሁሉ እናውቃለን፣ በምድር ላይ የሚሆነውን ሁሉ እናውቃለን» ነው የሚሉት። ሆሜር መልካቸውን አንድ ቃል አልተናገረም። ቁጥራቸው ግን ሁለት እንደሆነ ግሪክኛው ያሳያል።

ዋተርሃውስ ሰባት አደረጋቸው። የአሞራ አካል የሰጣቸው ደግሞ ከራሱ አምጥቶ አይደለም። በብሪቲሽ ሙዚየም ካለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ከተሠራ የግሪክ የሸክላ ማሰሮ ነው የወሰደው። በዘመኑ የነበሩ ተመልካቾች ገረማቸው። ሳይረን ሲባል ቆንጆ የባሕር ሴት ነበር የለመዱት። ኸርበርት ድሬፐር በ1909 የሳለው ሥዕል ያንኑ ልማድ ይከተላል፦ ራቁታቸውን የሆኑ ሴቶች መርከቡ ላይ ይወጣሉ። ኦንላይን ሱቆች ሁለቱንም ጎን ለጎን ይሸጣሉ። የድሬፐሩ ለሳሎን ይቀላል መሰለኝ። ለግጥሙ የሚቀርበው ግን የዋተርሃውስ ነው። የሱ ሳይረኖች ያስፈራሉ። አንዷ መርከቡ ጠርዝ ላይ አርፋ አንዱን ቀዛፊ ፊት ለፊት ታፈጥበታለች።

ቀዛፊዎቹ ጭንቅላታቸው ዙሪያ ጨርቅ ጠምጥመዋል። ጆሯቸውን ለመሸፈን ነው። ሰሙ አይታይምና ሰዓሊው መደፈኑን የሚያሳይበት መንገድ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ገልባጭ ግን ይሄ ጨርቅ ጥምጣም ይመስለዋል። ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ጆሮው ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ሥዕሉ ፈረሰ። ጆሮው ክፍት ከሆነ ለምን አይሞትም? ገመዱም እንዲሁ ነው። ፎቶው ላይ ቀጭን መስመር ነው፣ ለሚቸኩል እጅ ለመዝለል ይመቻል። ገመድ የሌለው ኦዲሴዩስ ምሰሶ ተደግፎ አየር የሚቀበል መንገደኛ ነው።

እኛም ውስጡ አለን

ኦዲሴይ ሲጀምር የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን የለም። ሩቅ አገር፣ ኢትዮጵያውያን ዘንድ መሥዋዕት ሊቀበል ሄዷል። ኦዲሴዩስን የሚጠላው እሱ ስለሆነ፣ ሌሎቹ አማልክት ጀግናው ወደ ቤቱ ይመለስ ብለው የሚወስኑት ይሄን አጋጣሚ ተጠቅመው ነው። የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር የሚጠራ እንጂ የዛሬዋን ካርታ የሚከተል አይደለም። ቢሆንም ስሙ ስማችን ነውና ያገባናል።

ኦቪድ ጋ ስንመጣ የኢትዮጵያው ንጉሥ ሴት ልጅ አንድሮሜዳ ከባሕር አለት ጋር ታስራ እናገኛታለን። እናቷ በውበት ተመጻድቃ አማልክቱን አስቆጥታለች። ፐርሲየስ መጥቶ ያድናታል። ቲሺያን ይሄን ለስፔኑ ፊሊፕ 2ኛ ሳለው፤ ሥዕሉ ለንደን፣ ዋላስ ኮሌክሽን ነው ያለው። ሬምብራንትም በ1630 ገደማ ሳላት። ሁለቱም ፈረንጅ አድርገዋታል። ኦቪድ ራሱ በሌሎች ግጥሞቹ ጠይም እንደሆነች ተናግሯል። ሰዓሊዎቹ ግን አንዱ ከሌላው እየቀዳ ነጯን አንድሮሜዳ አጸናት። ቅጂ የሚያሻግረው ውበትን ብቻ አይደለም፤ ስህተትንም ለዘመናት ተሸክሞ ይዘልቃል። ለሳሎኑ አንድሮሜዳን የሚያዝ ሐበሻ ካለ፣ ሰዓሊውን ወደ ኦቪድ እንዲመልሳት ቢጠይቀው ደስ ይለኛል። በእጅ የማሠራት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ማተሚያ ማሽን አይለመንም።

ለንጽጽር የኛውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል አስቡ። ቸርችል ጎዳናና ፒያሳ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ያላየው የለም። ሸራው ወይም ቆዳው በትንንሽ ሳጥን ይከፈላል፣ ብዙ ጊዜ 44 ይሆናል። ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ምኒልክ ይሄዳል። ምንጩ ግጥም አይደለም፤ ክብረ ነገሥትና የሕዝብ አፈ ታሪክ ተቀላቅለው ነው። እሱም እየተገለበጠ ነው የኖረው፣ ለቱሪስት ሲሸጥ ስንት ዘመኑ። ነገር ግን ሰዓሊው ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል። ንግሥቲቱ ሌሊት ውሃ የምትጠጣበት ሳጥን ላይ ብርሌውን አይረሳም። ብርሌው ከጠፋ መሐላው አይፈርስም፣ መሐላው ካልፈረሰ ምኒልክ አይወለድም። እጁ ሊቸኩል ይችላል። ፊቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። ታሪኩ ግን አይፈስም። ብዙዎቹ ላይም ከታች ጥግ የሰዓሊው ስም በአማርኛ ተጽፎ ታገኛላችሁ።

ልግዛ ለሚል ሰው

ግዙ፣ አልከለክልም። ዋናውን የሚገዛ የለም፤ ሜልቦርንም ሩቅ ነው። ግን ከማዘዛችሁ በፊት የሰዓሊውን ስም ጠይቁ። ሱቁ ከተንተባተበ መልሱን አገኛችሁ። ከየትኛው ፎቶ እንደሚስል ጠይቁ። ዛሬ ብዙ ሙዚየሞች ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል በነፃ ይለቃሉ፤ እናንተ ራሳችሁ አውርዳችሁ ብትልኩለት ይሻላል። ሥዕሉ መሀል ሲደርስ ፎቶ እንዲልክላችሁ ተስማሙ። ጨርቁ ከጆሮ በላይ ከሆነ ያኔ ማስተካከል ይቻላል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ጭቅጭቅ ነው። መጠኑንም አታሳንሱት። ሁለት ሜትር ሥዕል ወደ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ሲወርድ የሰው ፊት የጥፍር ያህል ይቀራል፣ እዚያ ላይ ማንም ገልባጭ ተአምር አይሠራም።

ሲደርሳችሁ በጎን ብርሃን አብሩበት። የብሩሹ እብጠት ቅርጹን ተከትሎ ከሄደ ተስሏል። እብጠቱ የራሱን መንገድ ከሄደ ከሥሩ ሕትመት አለ። ብዙዎቹ ተጠቅልለው በቱቦ ስለሚላኩ እዚያው ያለ ሸራ ወጣሪ ወይም ፍሬም ሠሪ ያስፈልጋችኋል። ለቫርኒሽ ደግሞ አትቸኩሉ። የዘይት ቀለም ላዩ በቀናት ቢደርቅም ውስጡ ጊዜ ይወስዳል፤ ወፍራም ከሆነ ከስድስት ወር እስከ ዓመት መጠበቅ የተለመደ ነው።